ካሜራና ፎከስ፦ ክፍሉና ምድጃው

የሌሊት ሰማይን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከአፉ የማይጠፉት ሁለት ቃላት፣ ካሜራና ፎከስ፣ ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ ከ200 ዓመት በላይ ቀድመው በአንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኝተዋል። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1604 ስለ ብርሃን ባሳተመው ሥራ ነው።

«ካሜራ» ከግሪኩ «ካማራ» ወደ ላቲን የገባ ቃል ነው፤ ጣሪያው ቅስት የሆነ ክፍል ማለት ነው። ጣልያኖች ዛሬም መኝታ ክፍላቸውን ካሜራ ይሉታል። በእኛ «ጓድ» የተባለው «ኮምሬድ»ም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው፤ በመነሻው ክፍል የሚጋራ ሰው ነበር። ኬፕለር «ካሜራ ኦብስኩራ» ያለው፣ በጠባብ ቀዳዳ በገባ ብርሃን የውጭው ምስል ተገልብጦ የሚታይበትን ጨለማ ክፍል ነው። «ኦብስኩራ» በጊዜ ብዛት ከስሙ ቢወድቅም ጨለማው ግን ዛሬም ግዴታ ነው። ረጅም ጊዜ ተከፍቶ በቆየ ካሜራ ፎቶ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ጭጋጋማ ብርሃን ከታየ፣ ክፍሉ አንድ ቦታ ብርሃን እያስገባ ሊሆን ይችላል። በዲኤስኤልአር ካሜራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዓይን መመልከቻው ነው፤ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን።

«ፎከስ» በላቲን ምድጃ ነው። ኬፕለር የተበተነ ብርሃን ተሰብስቦ የሚገናኝበትን ነጥብ በዚህ ስም ጠራው፤ የፀሐይ ጨረር በመስታወት ተሰብስቦ እሳት የሚያስነሳው እዚያ ነውና። የፈረንሳዩ «ፈ» እና የጣልያኑ «ፉኦኮ»፣ ሁለቱም እሳት ማለት ሲሆኑ፣ የተወለዱት ከዚሁ ቃል ነው። ከሁሉም የምወደው የቃል ታሪክ ይህ ነው፤ ሌሊቱ ሲበርድ ከቦታው የሚሸሸው ይኸው ምድጃ ስለሆነ። የሌንሱ ወይም የቴሌስኮፑ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ማታ በ2 ሰዓት ነጥብ የነበረው ኮከብ እኩለ ሌሊት ላይ አብጦ ይገኛል። ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የወሰን የለሽ ምልክት ማመን አይበቃም። ደማቅ ኮከብ ፈልጎ፣ ምስሉን በስክሪኑ አጉልቶ፣ ደጋግሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሩሲያዊው ፓቬል ባህቲኖቭ የፈጠረው ሽንትር ያለው ክዳን ኮከቡን ሦስት የብርሃን ሰረዝ ያደርገዋል፤ መካከለኛው ሰረዝ በሁለቱ እኩል መሃል ሲውል ፎከሱ ተገኘ።

ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነው «ኖይዝ» ብዙ የሥርወ ቃል አጥኚዎች እንደሚሉት ከላቲኑ «ናውዜአ» የመጣ ነው፤ የባሕር ላይ ማቅለሽለሽ ማለት ነው፣ ከግሪኩ «ናውስ»፣ ከመርከብ። ከሕመም ወደ ሁከት፣ ከሁከት ወደ ጩኸት ተሸጋገረ። በካሜራ ውስጥ አንዱ ምንጩ ሙቀት ነው፤ ሴንሰሩ በ6 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ቁጥር ያለ ብርሃን የሚፈጠረው ፍሰት እጥፍ ይሆናል። ከፊል መድኃኒቱ «ዳርክ ፍሬም» ነው፦ ሌንሱን ከድኖ፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው አይኤስኦና በዚያው የጊዜ ርዝመት ባዶ ጨለማ ማንሳትና ከፎቶው መቀነስ።

ማዕዘኖቹን የሚያጨልመው «ቪኜት» በፈረንሳይኛ ትንሽ የወይን ሐረግ ነው፤ የድሮ መጻሕፍትን ገጽ ያስጌጥ ከነበረው ሐረግ የመጣ።

«ኮማ» ደግሞ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ጠጉር ማለት ነው። «ኮሜት» የተባለውም ከዚሁ ነው፤ ግሪኮች ጠጉር ያዩበትን እኛ ጅራት አይተን ጅራታም ኮከብ አልነው። በኒውተን ቴሌስኮፕ ፎቶ ዳር ላይ ያሉ ኮከቦች መሃሉ ጥርት ብሎ ሳለ ጠጉር ካበቀሉ፣ ጥፋቱ የመስታወቱ ቅርጽ ባሕርይ ነው፤ የኮማ ማረሚያ ሌንስ ይፈታዋል። ኮከቦቹ ከዳር እስከ ዳር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተዘረጉ ግን ኮማ አይደለም፤ ከምድር መዞር ጋር እኩል ያልሄደው የቴሌስኮፑ መሽከርከሪያ ነው መፈተሽ ያለበት።