እርማት፦ ከቅኔ ቤት እስከ ደብተር

በሁለተኛ ቋንቋ የሚማርን ሰው ስሕተት እያረሙ ሰዋስው ማስተማር በአገራችን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት የቀደመ ልማድ ነው። የቅኔ ተማሪ አፉን የፈታው በግእዝ አይደለም፤ ግሡንና አገባቡን በትምህርት ያገኘዋል። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፣ መምህሩ ያላግባብ የገባውን ቃልና ቤት ያልመታውን ስንኝ እዚያው ያሳየዋል፤ ተማሪውም አቃንቶ ይመለሳል።

እርማቱ ወደ ደብተር ሲዛወር ግን ይህ መመላለስ ላላ። መምህሩ በቀይ ቀለም ያርማል፤ ተማሪው ብዙ ጊዜ ውጤቱን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል።

ጉዳቱ ከዲላ አጠገብ ባለችው በጪጩ ለሚያድግ የጌዴኦ ልጅ ይበረታል። አማርኛ በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ከሆነ ወዲህ፣ በቤቱ ጌዴኦኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ተምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ሆነ፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ግን ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰዋስው የጎደለው ተማሪ ሌላውም ትምህርት ይጎድልበታል።

ጌዴኦኛም አማርኛም ግሥን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ሲያሳርፉ፣ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያመጣዋል። አማርኛ «ቤቱ» ብሎ በቃሉ ጫፍ የሚያመለክተውን እንግሊዝኛ ከስም በፊት በምትቆም ትንሽ ቃል ይገልጻል። ስለዚህ ስሕተት ሁሉ የስንፍና ምልክት አይደለም። ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስረዱት፣ ስሕተት ተማሪው የደረሰበትን ለመምህሩ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን ትረስኮት በጽሑፍ ላይ የሚደረግ የሰዋስው እርማት ስለማይጠቅም ይቅር ሲሉ ተከራከሩ። ዳና ፌሪስ በ1999 ማስረጃው ለዚህ ፍርድ አይበቃም ሲሉ መለሱ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከላይ እንዳነሣናቸው ትናንሽ ቃላት ያለ አንድን ነጥብ ለይቶ ማረም ተማሪው ወደፊት በሚጽፈው አዲስ ጽሑፍ ላይ ጭምር ሊጠቅም ይችላል።

በቀይ ቀለም የተዥጎረጎረ ደብተር የመምህሩን ድካም እንጂ የተማሪውን መማር አይመሰክርም። ተማሪ በበዛበት ክፍል ስሕተትን ሁሉ ማረም ቢያዳግትም፣ አንድ ሁለቱን መርጦ ማመልከትና ጽሑፉን መልሶ ማጻፍ ይቻላል። ተማሪው ያልተመለሰበት እርማት ፍርድ ነው፤ የተመለሰበት ግን ትምህርት ይሆናል።