ከእንስራ እስከ ሮቶ

ባለፈው ቅዳሜ በተከራየንበት ግቢ ከጎመኑ መደብ አጠገብ የቆመችውን ሮቶ ክዳን አነሳን። ምነው ባላነሳነው! ውስጧ አረንጓዴ ሆኗል፣ ግድግዳዋ ያሟልጫል፣ ከታች ጣት የሚውጥ ደለል ተኝቷል። ለካ ጥርሳችንን ስንቦርሽና ሻይ ስናፈላ የከረምነው በዚህ ውሃ ነው! «መቼ ነው የታጠበችው?» ብለን ጠየቅን። አከራያችን ወደ ተከራዮቹ አዩ፣ ተከራዮቹ ደግሞ ወደ አከራያችን። መልሱ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ታሪክ አለው። በእናቶቻችን ቤት የውሃ ዕቃ ማለት እንስራ ነበር። እንስራ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ወገብ ይቆርጣል። ያንን የሚናፍቅ ካለ አንድ ሳምንት ተሸክሞ ይሞክረው። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ በየቀኑ ባዶ ይሆናል፣ በየቀኑም ይለቀለቃል። ለእንግዳ የሚቀርበው ውሃ ደግሞ በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ይቀመጣል። አጣቢዋ ማን እንደሆነች የሚጠይቅ አልነበረም፤ የቤቱ ሴቶች ነበሩ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ውሃዋ የምንጭና የወንዝ ነበር። በ1880ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወረደ። በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለገዳዲ ተገደበ። ከተማዋ ግን ከግድቦቹ ቀድማ ታድጋለች። ለብዙው ሰው ቧንቧ ማለት የሰፈር ቦኖ ነበር፤ ወረፋው ላይም እንስራን ጀሪካን ተካው። ጀሪካን የጀርመን ጦር ፈጠራ ነው። እንግሊዞች የጀርመንን ወታደር «ጀሪ» ይሉት ስለነበር ዕቃውም በዚያው ስም ቀረ።

ቧንቧው ግቢ ድረስ ሲገባ ውሃው በፈረቃ ሆነ። ያኔ ሮቶ መጣች። የተሠራችበት ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ አገር በአይሲአይ ቤተ ሙከራ በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ዱቄቱ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ እየተሽከረከረ ይጋገራል። ሮቶሞልዲንግ ይሉታል፤ ስሟም ይህንኑ ያስታውሳል።

ሮቶ ከወረፋ አወጣችን፤ እውነቱን መካድ አንችልም። ነገር ግን እንስራው ሲወጣ እጥበቱም አብሮ ወጣ። ሮቶ በየቀኑ ባዶ አትሆንም፣ ውስጧም አይታይም፣ የሁሉም ስለሆነች የማንም አይደለችም። አልጌ ደግሞ የሚፈልገው ውሃና ብርሃን ነው። የሸክላ እንስራ ብርሃን አያሳልፍም፤ የኛዋ ሮቶ ግን ፀሐይ ያሳሳት፣ ክዳኗ የተሰነጠቀ ነበረች። የቀረውን አልጌው ራሱ ሠራው።

ስለዚህ እጅጌያችንን ሰበሰብን። መግቢያ ቧንቧውን ዘጋን፣ አረንጓዴውን ውሃ ጎመኑ ላይ ለቀቅነው፣ ሮቶዋን በጎኗ አስተኛናት። ጭንቅላታችንን ሳናስገባ፣ እጀታው ረጅም በሆነ ብሩሽ ፈተግናት። ዝቃጩ እስኪጠራ ደጋግመን አለቀለቅን። በመጨረሻ በውሃ በቀጠነ በረኪና አጥበን፣ ጥቂት አቆይተን፣ ሽታው እስኪጠፋ እንደገና አለቀለቅናት፤ ይሄኛውን እጣቢ ግን ከጎመኑ አራቅነው። (በረኪናን ከአሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።) የተሰነጠቀው ክዳን ተቀየረ፤ ፀሐይ እንዳይነካትም ጥቁር ሸራ ለበሰች።

ውሃው ማታ መጣ። አንድ ብርጭቆ ቀድተን መብራት ላይ አየነው፤ ጠርቷል። ከዚያ በማርከር ክዳኑ ላይ የታጠበችበትን ቀን ጻፍን፣ ከሥሩም የሁላችንንም ስም በተራ፤ ወንዶቹንም ጨምሮ። የሚቀጥለው ተረኛ የአከራያችን ልጅ ነው። ዝርዝሩን አይቶ ሳቀ፤ እኛ ግን አልሳቅንም።