ቶልፑድል፦ ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ያስጠሯት የእንግሊዝ መንደር

እንግሊዝ አገር ሲባል ለአብዛኞቻችን ወዲያው የሚታወሰን ለንደን ነው፤ ቢበዛ ማንቸስተርና ሊድስ ይጨመራሉ። ገጠሩን የምናየው ባቡር ላይ ስንሆን በመስኮት ነው። ዛሬ ግን ውድ አንባቢያንን ወደ አንዲት የገጠር መንደር ልንወስዳችሁ አስበናል። ስሟ ቶልፑድል ይባላል። በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት አውራጃ፣ ከዶርቼስተር ከተማ በስተ ምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤትና አንድ ትልቅ ዛፍ አላት። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የስሟ ነገር እንዲህ ነው። በአጠገቧ ፒድል የሚባል ወንዝ ያልፋል። ከ1066 በፊት ደግሞ መሬቱ የአንዲት መበለት ነበር፤ ቶላ ትባላለች። ባሏ የንጉሥ ባለሟል የነበረ ሰው ነው። ቶላ ርስቷን ለገዳም ሰጠች፤ ስሟ ግን ከወንዙ ስም ጋር ተጣብቆ እስከ ዛሬ ቀረ። በእኛስ አገር ስንቱ ቀበሌ በባለርስቱ ስም ይጠራ የለ!

የመንደሯን አሮጌ ቤቶች ያየ ኢትዮጵያዊ ባዕድነት አይሰማውም። ግድግዳቸው ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተሠራ፣ ጣራቸው ሣር ክዳን ነው። በመንደሩ መካከል ያለው ዛፍ በእንግሊዝኛ ሲካሞር ይባላል። በወንጌል ዘኬዎስ የወጣበትን ሾላም በዚሁ ስም ስለሚጠሩት ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ አይጠፋም፤ የዶርሴቱ ግን ፍሬው የማይበላ ሌላ ዛፍ ነው። በ2005 የዛፍ ባለሙያዎች መርምረው ከ1680ዎቹ ጀምሮ እንደቆመ ገምተዋል። አገልግሎቱ ግን እንደ እኛ አገር ዋርካ ነበር፤ የመንደሩ ድኾች ከጥላው ሥር ተሰብስበው ይመክሩበት ነበር።

ምክሩ ስለ ደመወዝ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ የቶልፑድል የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዙ 9 ሽልንግ ነበር። በሌሎች አካባቢዎች 10 ሽልንግ ይከፈል ስለነበር ሠራተኞቹ ጌቶቻቸውን ጠየቁ፤ የሰበካው ቄስም ለተገባላቸው ቃል ምስክር ሆኑ። ነገር ግን ደመወዙ ይጨመራል ሲባል ወደ 8፣ ቀጥሎም ወደ 7 ወረደ። በመጨረሻም 6 ይሆናል ተባለ። ቄሱም ምንም አልሰማሁም ብለው ካዱ። ይህን የጻፈው ጆርጅ ሎቭለስ ነው፤ በሥራው የእርሻ ሠራተኛ፣ በእምነቱ የሜቶዲስት ሰባኪ፣ በራሱ ጥረት ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው።

በ1833 እነ ሎቭለስ የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ። መግቢያው አንድ ሽልንግ፣ የሳምንቱ መዋጮ አንድ ፔኒ ነው። ስብሰባው በቶማስ ስታንድፊልድ ቤት ይደረግ ነበር። አዲስ አባል ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ ይገባል፤ ሲፈታለት የአጽም ሥዕል ፊቱ ቆሞ ያያል፤ የማኅበሩን ምሥጢር እንዳያወጣም ይምላል። ለሕይወታቸው መዘዝ የሆነው ይህ መሐላ ነው።

ጄምስ ፍራምፕተን የሚባለው የአካባቢው ባላባትና ዳኛ ነገሩን ሰምቶ ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ለሎርድ ሜልበርን ጻፈ። ችግሩ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ከ1824 ጀምሮ ወንጀል አለመሆኑ ነበር። ስለዚህ በ1797 በባሕር ኃይል መርከበኞች ዓመፅ ምክንያት የወጣ፣ ሕገ ወጥ መሐላን የሚከለክል ሕግ ፈልገው አመጡ። የካቲት መገባደጃ ላይ፣ በ1834፣ ጆርጅ ሎቭለስና ወንድሙ ጄምስ፣ ቶማስ ስታንድፊልድና ልጁ ጆን፣ ጄምስ ብራይንና ጄምስ ሃሜት ተያዙ። እስከ ዶርቼስተር በእግራቸው ተወሰዱ። ሃሜት በመሐላው ማታ ከቦታው አልነበረም፤ በወንድሙ ፋንታ እንደተያዘና ዝም ብሎ እንደተቀበለ ይታመናል። ክሱን በመረመረው የዳኞች ጉባኤ ውስጥ ፍራምፕተን ራሱ ተቀምጦ ነበር። ፍርዱም ለስድስቱም የሰባት ዓመት ግዞት ሆነ።

አምስቱ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ታሞ የቆየው ጆርጅ ሎቭለስ ደግሞ በኋላ ወደ ታዝማኒያ በመርከብ ተጫኑ። ጉዞው ወራት ይፈጅ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ከሰበካው የድኾች ዕርዳታ ሲጠይቁ፣ ለማኅበር መዋጮ ገንዘብ ያገኘ ለእንጀራም አያጣም ተብለው ተመለሱ።

ነገሩ ግን ዶርሴት ላይ አልቆመም። ሚያዝያ 21 ቀን 1834 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለንደን ውስጥ ኮፐንሃገን ፊልድስ በሚባል ሜዳ ተሰብስበው ሰልፍ ወጡ። ሜዳው ዛሬ ካሌዶኒያን ሮድ የሚያልፍበት አካባቢ ነው፤ ያገራችንን ምግብ ፍለጋ ስንቶቻችን ተመላልሰንበታል! ከ200,000 በላይ ፊርማ የያዘ አቤቱታ ቢቀርብም ሜልበርን የዚያን ዕለት አልቀበልም አለ። ሕዝቡ ሳይሰለች በመወትወቱ መጋቢት 1836 ሙሉ ምሕረት ተሰጠ። ጆርጅ ሎቭለስ ግን የተላከለትን ምሕረት ያወቀው ከወራት በኋላ፣ ታዝማኒያ ውስጥ እጁ ከገባ አንድ አሮጌ የለንደን ጋዜጣ ነው። የነገረው ሹም አልነበረም። እሱ በ1837 ሲመለስ ሃሜት እስከ 1839 ድረስ ቆየ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ኑሮ ይጠጋል። ከስደት የተመለሱት ሰዎች መንደራቸው ላይ አልረጉም። ደጋፊዎቻቸው ባዋጡት ገንዘብ በኤሴክስ አውራጃ እርሻ ተከራይተው ተቀመጡ፤ እዚያም የአካባቢው ባላባቶችና ቄሶች በክፉ ዓይን ተመለከቷቸው። በ1840ዎቹ አምስቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ካናዳ ተሻገሩ፣ በኦንታሪዮም ለንደን በምትባለው ከተማ አካባቢ መሬት ገዝተው አረሱ። ጆርጅ ሎቭለስ በ1874 እዚያው ሞተ። ያለፈውን ለሰው አያወሩም ነበር፤ ልጆቻቸው እንኳ አባቶቻቸው የታሰሩ መሆናቸውን ሳያውቁ እንዳደጉ ይነገራል። ለምን ዝም እንዳሉ ለመገመት ብዙ ምርምር የሚያስፈልገን አይመስለኝም። በአዲስ አገር «እስረኛ ነበርኩ» ብሎ መጀመር ለማን ይቀላል?

ቶልፑድል የተመለሰው ሃሜት ብቻ ነው። የግንባታ ሥራ እየሠራ ኖረ። ሲያረጅ ዓይኑ ደከመ፤ ለቤተሰቡ ሸክም ላለመሆን ዶርቼስተር በሚገኘው የድኾች መጠለያ ገብቶ በ1891 ሞተ። በቀብሩ ላይ ንግግር እንዳይደረግ አንድ ባላባት ቆሞ ጠብቋል ይባላል። መቃብሩ ከ40 ዓመት በላይ ያለ ምልክት ቆየ።

ዛሬ ወደ መንደሯ የሚሄድ ሰው የሚያየው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ1934፣ መቶኛው ዓመት ሲከበር፣ የእንግሊዝ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንግሬስ በስድስቱ ስም ለጡረተኛ የእርሻ ሠራተኞች ስድስት ቤቶች አሠራ፤ ሙዚየሙም እዚያው ነው። በዛፉ አጠገብ ሣር ክዳን ያለው ማረፊያ የተሠራው በዚያው ዓመት ነው። በ1818 የተሠራው የሜቶዲስቶች አሮጌ የጸሎት ቤት ለብዙ ዘመን የእርሻ ዕቃ ቤት ሆኖ ከቆየ በኋላ በቅርብ ዓመታት ታድሷል። የስታንድፊልድ ቤትም እስከ ዛሬ ሰው ይኖርበታል፤ ስለዚህ ከውጭ ሆኖ ማየት ነው።

በየዓመቱ ሐምሌ ወር ላይ ከመላው እንግሊዝ ሠራተኞች ባንዲራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰልፍ አለ፣ ሙዚቃ አለ። ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብተው አንድ የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ። የሚያኖሩት በሃሜት መቃብር ላይ ነው፤ ከስድስቱ በቶልፑድል አፈር ያረፈው እሱ ብቻ ነውና። የቀሩት አምስቱ በካናዳ ተቀብረዋል።