ስሙ ከመዝገብ የጠፋ ወታደር፦ ለዘማች ቤተሰብ የሚደረግ ድጋፍ ለማን ይገባል?



በወላይታ ሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካም ሆነ በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ጦር ሜዳ ውሎ የተመለሰ አባት ወይም ልጇን ሸኝታ የቀረች እናት የሌለችበት ሰፈር ጥቂት ነው። ረመዳንና ዒድ ሲቃረብ ተሰባስበን የተረጂዎችን ስም ዝርዝር ስናወጣ ታዲያ ክርክር ይነሳል። «እሱ የደርግ ወታደር ነበር፤ ይገባዋል?» «ባሏ ሞቶ ነው ወይስ ጠፍቶ?» «ጡረታ አላት አይደል?» እንባባላለን። ጥያቄው ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ታሪክን ወደ ኋላ ብናገላብጥ ብዙ ትውልድ ተከራክሮበታል፤ በተሳሳተ መልስም ብዙ ቤተሰብ ተጎድቷል።

◾ የጀዕፈር ልጆች

ከእኛ አገር ጋር በሚገናኝ ታሪክ እንጀምር። ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሓቦች ወክሎ በነጃሺ ፊት የተናገረው ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ዘመቻ ወደቀ። ባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ ልጆቹን ይዛ ቀረች፤ ከእነሱም አንዱ ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ ያዘዙት ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ ነበር። ከዚያም ራሳቸው ወደ ልጆቹ ሄደው አይዟችሁ አሉ፤ እናትየው የልጆቿን የቲምነት ስታነሳም ኃላፊያቸው እሳቸው እንደሆኑ ነገሯት። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፦ መጀመሪያ የዕለት ጉርስ፣ ቀጥሎ ዘለቄታ ያለው ኃላፊነት።

◾ የዑመር መዝገብ

የሙስሊሙ ግዛት ሲሰፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ «ዲዋን» የሚባለውን መዝገብ አቋቋሙ። የተዋጊዎች ስም ከነቤተሰባቸው ሰፈረ፤ ለእያንዳንዱም ዓመታዊ ድርሻ ተቆረጠ። ከእሳቸው በፊት አቡበክር (ረ.ዐ.) ለሁሉም እኩል ያካፍሉ ነበር። ዑመር ግን ቀድሞ የሰለመና ቀድሞ የዘመተ እንዲበልጥ አደረጉ፤ በበድር ለተሳተፉት 5,000 ዲርሀም መደቡ። «በውለታ እንስጥ ወይስ እኩል እናካፍል?» የሚለው ክርክር ያን ያህል ዕድሜ አለው።

ከዚያ መዝገብ ጋር አብሮ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የልጆች ድርሻ የሚጀምረው ጡት ሲጥሉ ነበር። አንድ ሌሊት ዑመር የሕፃን ልቅሶ ሰምተው እናቱን ሲጠይቁ፣ ድርሻው ቶሎ እንዲጀምርለት ብላ ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር በጣም አዘኑ፤ ድርሻው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲሆንም አወጁ። ሕፃኑን ያስራበው የገንዘብ እጥረት አልነበረም፤ መስፈርቱ ነበር። መስፈርቱ ሲጎዳ ያወጣው ሰው ራሱ አስተካከለው።

◾ ወላይታ፦ የወታደሩ ቀለብ ከማን ጎተራ?

በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በአፄ ምኒልክ ጦር ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሰፈረው ወታደር ደመወዝ በገንዘብ አልነበረም፤ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለት ነበር። ገባሩ እህልና ማር ይሰጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እህል ይፈጫል፣ አጥር ያጥራል። በዚያ ሥርዓት የወታደሩ ቤተሰብ የሚጠገበው የሌላው ቤተሰብ እየተራበ ነበር። ስለዚህ «ለማን ይገባል?» ስንል «ከማንስ ይወሰዳል?» ማለትም አለብን።

በግንቦት 1933 ዓ.ም. ሶዶ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ከነጻነት በኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች ውለታ የመለሰው በአብዛኛው መሬት በመስጠት ነው። መለኪያው ጋሻ ሲሆን አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል፤ ብዙው የታደለውም በደቡብ ነበር። ለአንዱ ሽልማት የሆነው መሬት ሌላውን ጭሰኛ አድርጎታል።

በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ነገሩን ወደ ሕግ አመጣው። ወታደሩ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ባገለገለው ዘመን ልክ ጡረታ ያገኝ ጀመር፤ ሲሞትም ለቤተሰቡ ይተላለፋል። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉ በወረቀት ላይ ተንጠለጠለ።

የወረቀትን ጉልበት በኮሪያ ዘማቾች እናያለን። ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ጦር አባላት ከ6,000 በላይ ነበሩ፤ ከ120 በላይ ተሰውተዋል። ስማቸው ተመዝግቦ ስለተያዘ፣ ማኅበርም ስላላቸው፣ ደቡብ ኮሪያ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ለእነሱም ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርትና የሕክምና ድጋፍ ትሰጣለች።

◾ የ1975 ምልምሎች፣ የ1983 ተበታኞች

የዚህ ተቃራኒ ዕጣ የገጠማቸውም አሉ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት የሚመለከት ነበር። ከገጠርም ከከተማም ብዙዎች ሳይወዱ ተወሰዱ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ከሶዶ ብዙም በማይርቀው ብላቴ ማሠልጠኛ ገቡ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከ400,000 በላይ ወታደር ተበተነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ለገጠሩ ስንዴና የእርሻ መሣሪያ፣ ለከተማው ሥልጠናና ብድር፣ ለአካል ጉዳተኛው ሕክምና ለማዳረስ ሞከረ። በሩ ግን ምዝገባ ነበር።

የሚያሳዝነው በኅብረተሰቡ ዘንድ የተለጠፈባቸው ስም ነው። «የደርግ ወታደር» መባል ስድብ ሆነ፤ ተገዶ የሄደውና ወዶ የዘመተው አብረው ተጠሉ። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ያው መንግሥት ከእነዚያው ወታደሮች ብዙዎቹን መልሶ ጠራቸው። ትናንት የተናቀው ልምዳቸው ያን ቀን ተፈለገ። ይህን ያየ ሰው የድጋፍ መስፈርትን በመንግሥት መለዋወጥ አይመዝንም።

◾ ዛሬ ከመዝገብ የሚወጡት እነማን ናቸው?

አሁን የሚሠራበት የጡረታ ሕግ የወጣው በ2014 ዓ.ም. ነው። በአገልግሎት ጡረታ ለመውጣት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገልን ይጠይቃል፤ በግዳጅ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግን የተለየ መብት ይሰጣል። ወታደሩ ሲሞት ሚስቱ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹና በእሱ ይጦሩ የነበሩ ወላጆቹ ተጠቃሚ ናቸው። ይሁንና በተግባር ሦስት ዓይነት ቤተሰብ ይወድቃል።

1. የጠፋው ወታደር ቤተሰብ። ሞቱ አልተረዳም፤ ደብዳቤም አልመጣም። ሚስቱ መበለት አትባል፣ ባለትዳርም አትባል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ያለፈውን ሰው መጥፋት በፍርድ ቤት ለማስወሰን ይፈቅዳል፤ ብዙ እናቶች ግን ይህን አያውቁም።

2. በኒካሕ ብቻ የተጋባች ሚስት። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የታወቀ ነው፤ ማስረጃ ከሌለው ግን ቢሮ ላይ ይቆማል። ምስክሮቹ በሞቱ ቁጥር ማስረጃውም አብሮ ይሞታል።

3. አሥር ዓመት ሳይሞላው የተመለሰ ወታደር። ጡረታ የለውም፤ ጉዳቱ ካልተመዘገበ ደግሞ ዓይኑ ወይም እግሩ ቢጎዳም ማስረጃ የለውም።

◾ እኛስ በምን እንለካ?

በመጀመሪያ ዘካን ከሰደቃ እንለይ። ዘካ በቁርኣን ለተዘረዘሩት ስምንት ክፍሎች ነው። «ፊ ሰቢሊላህ» የሚለው ክፍል እስከ የት ይሰፋል በሚለው ላይ ዑለሞች ተወያይተዋል፤ ለተሰናበተ ወታደርና ለቤተሰቡ ግን ግልጹ በር ድህነት፣ ችግረኝነት ወይም ዕዳ ነው። ስለዚህ ሜዳሊያ ያለው ሀብታም ዘካ አይገባውም፤ ሜዳሊያ የሌለው ድሃ ይገባዋል። ጡረታ የምታገኝ መበለትም ገንዘቡ የቤት ኪራይና የልጆቿን ቀለብ ካልሸፈነ አሁንም ችግረኛ ናት። ዝርዝሩን የአካባቢያችንን ዓሊም እንጠይቅ።

ሰደቃ ሰፊ ነው። ሙስሊሙ ጥቂት በሆነበት በእንደ ሶዶ ያለ ከተማ፣ አብሮን በእድር የሚቀብረንና በለቅሶ የሚቀመጠው ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁ ዘምቶ ቢቀር ሰደቃችን ይደርሰዋል። የእናት ሐዘን በሃይማኖት አይለይም።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ከመጠየቃችን በፊት ወረቀት እናውጣ። ማንበብና መጻፍ የምንችል ወጣቶች ነን። አንዲትን እናት ይዘን ቀበሌ፣ ፍርድ ቤትና ጡረታ ቢሮ መሄድ፣ የኒካሕ ምስክሮችን በሕይወት ሳሉ ማስመስከር፣ የአባቶችን ስም፣ ክፍለ ጦርና የዘመቻ ዘመን ጽፎ ማስቀመጥ እንችላለን። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ይልቅ አንድ ማስረጃ ለዓመታት ያበላል።

ሦስተኛ፣ ዱቄቱም ይቅር ማለታችን አይደለም። የጀዕፈር ቤት መጀመሪያ የደረሰው ምግብ ነበር። መዝገቡ እስኪስተካከል ሕፃኑ መብላት አለበት።

በመጨረሻ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችን «የማን ወታደር ነበር?» የሚለውን ጥያቄ እናንሳና «ዛሬ ቤታቸው ምን አለ?» በሚለው እንተካው።

አላህ የየቲሞችን እንባ ከሚያብሱት ያድርገን። በሰፈራችሁ ስሙ ከመዝገብ የጠፋ ዘማች ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ጽሑፉንም ለሌሎች አጋሩ።