ስም የሚሰጠው ማን ነው?

ዛሬ መተግበሪያ የሠራ ሰው የዶሜይን ስሙን በአንድ ትእዛዝ ያገናኛል፤ ቀሪውን መሣሪያው ይጨርሰዋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን የኔትወርኩ ኮምፒውተሮች ስም ሁሉ ካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር። አዲስ ስም ፈላጊ ኤሊዛቤት ፋይንለር ወደምትመራው ቢሮ ያመለክታል። መዝገቡ ሲበዛባቸው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ ሥራውን ለብዙዎች የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስ ነደፈ።

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ለጥገና የተሰጠ ትእዛዝ የውስጥ መስመራቸውን ቆረጠ፤ ሊያግደው የሚገባው የቁጥጥር መሣሪያም ስህተት ስለነበረበት አሳለፈው። ስም የሚያስተናግዱት ሰርቨሮችም መስመሩ ሲቋረጥ፣ አስቀድሞ እንደታዘዙት ራሳቸውን ከኢንተርኔት አገለሉ።

በፋይንለር ዘመን ሥራው ቀርፋፋ ነበር፤ ስልክ የሚያነሳ ሰው ግን ነበር። መሣሪያው ይፍጠን፤ ከኋላው ግን የሚጠየቅ ሰው አይጥፋ።