ከደጅ የበቀለ ጥላ፦ ዛፍና የመኖሪያ ቀዬ በአዊ ምድር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና የአዊን ደጋ ሲያቋርጥ በሁለት ከተሞች ያልፋል። የመጀመሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው እንጅባራ ናት፤ ሁለተኛዋ ከእርሷ ዝቅ ብላ የምትገኘው ዳንግላ ናት። እንጅባራ ኮሶ በር በሚል ስምም ትታወቃለች። ይህ ስም አንድ ዛፍና አንድ በር አጣምሮ ይዟል። የሰው መኖሪያ በንጉሥ፣ በጦር አለቃ ወይም በታቦት ስም በሚጠራበት ሀገር አንዲት ከተማ በዛፍ ስም መታወቋ ዛፉ በነዋሪው ሕይወት ውስጥ የነበረውን ስፍራ ይመሰክራል። ስለዚህም በአዊ ምድር የዛፍና የመኖሪያ ቀዬ ግንኙነት ምን ይመስል እንደ ነበር ለመመርመር ከዚሁ ከኮሶ መነሣት ተገቢ ይሆናል።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ የሚወርደው ቀላ ያለ የሴቴው አበባ ደርቆና ተፈጭቶ በመጠጣት ለብዙ ዘመናት የኮሶ ትልን ሲያስወጣ ኖሯል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. በአገው ምድር በኩል ወደ ግሽ ዓባይ በተጓዘበት ዘመን ይህን ዛፍ በጥንቃቄ ተመልክቶ ሥዕሉን አስነሥቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 በታተመው መጽሐፉ ውስጥም ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ታላቅ ትርጉም ያለው አንድ ነገር መዝግቧል። ይኸውም ኮሶ በየአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ፣ ዙሪያውን በሚከቡት ጽዶች መካከል፣ ለመንደሩ ሰው አገልግሎት ተብሎ ይተከል እንደ ነበር ነው። በሚቀጥለው ዓመት አንድ የአውሮፓ ሊቅ ዛፉን በሳይንስ ስም ሲሰይመው የአንድ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ስም ሰጠው። በዓለም የዕፀዋት መዝገብ ዛፉ በሰው ስም ሲጠራ፣ በአዊ ግን ከተማው በዛፉ ስም ተጠራ።

ከብሩስ ምስክርነት የሚወጣው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የያኔው ሰው ዛፍን ከመንደሩ ውጪ ያለ፣ የአውሬ ማደሪያ የሆነ ጫካ ብቻ አድርጎ አልተመለከተውም። በሚደርስበት ስፍራ፣ በሚጠብቀው ቅጥር ውስጥ፣ ለታወቀ ጥቅም ተክሎታል። የመንደሩ መድኃኒት ቤት የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ነበረ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቀጥሎ የሚመጣው የዛፍ ስፍራ ጓሮ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ገበሬ ጓሮና ማሳ ዳር የሚበቅሉት ዛፎችና ቍጥቋጦዎች እያንዳንዳቸው የሥራ ድርሻ ነበራቸው። በወይራ ጭስ የወተትና የጠላ ዕቃ ይታጠናል፤ በግራዋ ቅጠል ጋን ይታጠባል፤ ጌሾ ለጠላና ለጠጅ ይውላል። ከዋንዛ ግንድ በር፣ ሙቀጫና ከበሮ ይወጣል፤ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፤ ፍሬውን እረኛው ይበላዋል። ብሳና ቅጠሉን አራግፎ ማሳውን ያለመልማል። በገበያው ዳር ያለው ዋርካ ወይም ሾላ ደግሞ የሸንጎ አዳራሽ ነው፤ ሽማግሌ ያስታርቅበታል፤ ዕድር ይመክርበታል፤ ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ ያርፍበታል። ስለዚህ ጓሮው የእንጨት ክምችት ብቻ አልነበረም። የቤቱን ምጣኔ ሀብት፣ የማጀቱን ንጽሕናና የአደባባዩን ፍርድ በአንድነት የያዘ ሥርዓት ነበረ።

የአዊን ደጋ ከብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች የሚለየው ግን ቀርከሃው ነው። በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ቀርከሃ የሣር ወገን ተደርጎ ይቈጠራል። በእንጅባራና በባንጃ አካባቢ ያለው ገበሬ ግን ከዛፍ አሳንሶ አያየውም። ቀርከሃ ከሥሩ ተቆርሶ ከቤቱ ጀርባ ይተከላል፤ አንዴ ከያዘ በኋላ ከራሱ ሥር እየበቀለ ይሰፋል፤ የበሰለው ተመርጦ ሲቆረጥ ለጋው ይተካል። ስለዚህ ቤተሰቡ በየዓመቱ እየቆረጠ ቀርከሃውን ሳያጠፋ ይኖራል። ለአጥር፣ ለቤት ማገር፣ ለቅርጫትና ለእህል መያዣ ያገለግላል። በአውራ ጎዳናው ዳር ለመንገደኛ የሚሸጡት ወንበሮችና ሌሎች የቤት ዕቃዎችም ከዚሁ ጓሮ የወጡ ናቸው። የእጅ ጥበቡ ከቤቱ ጀርባ ካለው ተክል ጋር አብሮ መኖሩ እዚህ ላይ በዓይን ይታያል፤ ቀርከሃው ከጓሮ ከጠፋ ጥበቡም ከእጅ ይጠፋል።

ዳንግላ በበኩሏ ሌላ የታሪክ ምዕራፍ አላት። የብሪታንያ መንግሥት የጣናን ሐይቅና የዓባይን ውኃ በሚመለከት በነበረው ፍላጎት በዚያ ቆንስላ አቋቁሞ ነበር። ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ ቆንስል ሆኖ የኖረው ሮበርት ቺዝማን የጣናንና የዓባይን መልክዐ ምድር ከማጥናቱ ሌላ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን አእዋፍ ሰብስቦ ለሳይንስ አቅርቧል። ባዕዳኑ ዓይናቸውን በውኃው ላይ ቢጥሉም፣ ውኃውን በመሬት ውስጥ የሚያቆየው ሥርና ወፎቹን የሚያሳድረው ቅርንጫፍ ያለው በነዋሪው ቀዬና በየዐጸዱ ነበረ።

በ20ኛው ምዕት ዓመት የኢትዮጵያን ከተሞች መልክ የለወጠው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጠራት። ዐፄ ምኒልክም 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ በሚገኘው በአዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ ለማቋቋም ሥራ አስጀምረው ነበር። ይሁን እንጂ በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ የከተማዋን የእንጨት ችግር በማቃለሉ ዋና ከተማው በስፍራው ጸና። አንድ ዛፍ የአንድን መንግሥት መቀመጫ ከመፍለስ አዳነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ባሕር ዛፍ በየአውራጃው ከተማ ተዛመተ፤ የዳንግላና የእንጅባራ ነዋሪም ለምሰሶ፣ ለማገርና ለማገዶ ተጠቀመበት። ከጥቅሙ ጋር ጉዳቱም ታወቀ። ውኃ አጥብቆ ይስባል፤ በአጠገቡ የሚዘራውን እህል ያቀጭጫል። ከምንጭ ዳርና ከእርሻ ርቆ መተከል እንዳለበት ገበሬው በልምዱ ተማረ።

የ1967 ዓ.ም. አዋጆች የመሬትን ይዞታ ከመሠረቱ ሲለውጡ የዛፍም ባለቤትነት አብሮ ተለወጠ። በየካቲት ወር የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት፣ በሐምሌ ወር የወጣው ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በከተማ ቀበሌ ተቋቋመ። በ1972 ዓ.ም. የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት አዋጅ ወጣ። ሕዝቡ በዘመቻ እየተጠራ ተራራዎችን በእርከን አበጀ፤ እጅግ ብዙ ችግኝም ተከለ። የዚህ ሥራ ታላቅነት የሚካድ አይደለም። ሆኖም ሁለት ድክመቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ ብዙው ችግኝ የተተከለው የሁሉም ተብሎ የማንም ባልሆነ መሬት ላይ ነበር። ሁለተኛው፣ ከ1977 ዓ.ም. በኋላ በሰፊው በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ ወደ አዲስ መንደር ሲዛወር በሩንና ምሰሶውን ተሸክሞ መሄድ ቻለ፤ አባቱ የተከለውን ዋንዛና ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቀርከሃ ግን ይዞ መሄድ አልቻለም። በገመድ ተለክቶ በተሠራው አዲስ መንደር ጥላ አልነበረም።

ፍርዱ በ1983 ዓ.ም. ታየ። የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት በሀገሪቱ በብዙ ስፍራ በዘመቻ የተተከለው የማኅበር ደን ተጨፈጨፈ። መጥረቢያውን ያነሣው ብዙ ጊዜ ችግኙን የተከለው ያው ሕዝብ ነበር። የየቤቱ ጓሮና የየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ግን በአመዛኙ ተረፈ። ልዩነቱ ከዛፉ ዓይነት ወይም ከተከለው ሰው ብርታት የመነጨ አልነበረም። በደጅ ያለው ዛፍ ጠባቂ ነበረው፤ ጠባቂውም ከዛፉ የሚያገኘውን ጥቅም ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የአዊ ገበሬ ለሀገሪቱ ሌላ ትምህርት የሚሆን ሥራ ሠርቷል። ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዘመድ በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ተስፋፋ። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክላል፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱንም መልሶ ያርሳል። ዝናብ ባጠበውና አሲዳማ በሆነው በዚህ መሬት ላይ ዛፉ ለምነትን ሲመልስ ታይቷል። ከከሰሉ ሽያጭም የብዙ ቤት ሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ። የተራቆተው ኮረብታ ያለ ዘመቻ፣ በባለቤቱ እጅ አረንጓዴ ለበሰ።

ነገር ግን ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ በዲከረንስ ላይ ወድቆ ብዙ ተክል አደረቀ። ኑሮውን በሙሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ያቆመው ቤተሰብ በአንድ በሽታ ተመታ። የቀድሞው ጓሮ እንዲህ ላለው አደጋ የተጋለጠ አልነበረም፤ ብሳናው ቢደርቅ ዋንዛው፣ ዋንዛው ቢቆረጥ ቀርከሃው ይቀር ነበር። ከ1983ቱ ጭፍጨፋ ዛፍ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ከታወቀ፣ ከዝገቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻውን ቀዬን እንደማይጠብቅ ታወቀ።

ዛሬ ጥያቄው ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በርትቷል። እንጅባራ የብሔረሰብ ዞኑ ዋና ከተማና የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ዳንግላም ሰፍታለች። አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች ሲሠሩ ቦታው አስቀድሞ ይጸዳል፤ ቤቱ በቆርቆሮ ይከደናል፤ ግቢው ይጠባል። ዛፍ በዚህ ስፍራ የሚሠራው ሥራ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ጥላው ቆርቆሮውንና ግድግዳውን ከፀሐይ ይከላከላል፤ ቅጠሉ ወደ አየር የሚለቀው እርጥበት ዙሪያውን ያቀዘቅዛል፤ ቅርንጫፉ የደጋውን ንፋስ ይሰብራል፤ የመንገዱን አቧራ ይይዛል። አዊ ብርቱ ዝናብ የሚወርድባት ምድር ናት። ከቆርቆሮው የሚወርደው ጎርፍ ሥር በሌለበት ተዳፋት ላይ ቦይ ቆፍሮ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል፤ ሥር ባለበት ግን ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ምንጭንና ጉድጓድን ይመግባል። ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ዳርቻውን በከበበው ደን መካከል ተኝቶ ይህንኑ ለተመልካች ያስተምራል።

በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት አስታወቀ። የሕዝቡ መነሣሣት የሚመሰገን ነው። የመትከል ቀን ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። የአዊ ታሪክ እንደሚያሳየው የጸደቀው ዛፍ በቁጥር መዝገብ የሰፈረው ሳይሆን ስሙን፣ ጥቅሙንና ጠባቂውን የመንደሩ ሰው የሚያውቀው ነው። የቀበሌ አመራር ለእያንዳንዱ ችግኝ ደጅና ባለአደራ ሊፈልግለት ይገባል። መምህሩ የዛፎቹን ስምና ግብር በተማሪው ግቢ ውስጥ ሊያስተምር ይችላል። ከበሮ የሚፍቀውና ቀርከሃ የሚሠራው ባለሙያም ጥሬ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ሊያስብበት ይገባል።

ኮሶ ዛሬ እንደ ቀድሞው በየስፍራው የሚታይ ዛፍ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከጥብቅ ደን እንዳይቆረጡ ከለያቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ እርሱ ነው፤ ሌሎቹ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ናቸው። ኮሶ አንድ ጠባይ አለው፤ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ይበቅላሉ። አንድ ኮሶ ብቻውን ቆሞ ሊያብብ ይችላል፤ ዘር አፍርቶ ራሱን ለመተካት ግን ጎረቤት ያሻዋል። ኮሶ በር በስሟ የተሸከመችውን ዛፍ ወደ ደጇ ለመመለስ ብትነሣ በአንድ ግቢ አንድ ችግኝ መትከል አይበቃትም፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግቢም ሌላውን መትከልና መጠበቅ ይኖርበታል።