መስማት የተሳነው ተዋናይ ቋንቋ

በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት የተወለደ መስማት የተሳነው ወጣት ወደ ትወና ቢያዘነብል የሙያው መሠረት የሚሆነው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ፣ ማለትም በእጅ፣ በፊትና በሰውነት እንቅስቃሴ የሚነገረው ቋንቋ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሚሲዮናውያን በከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች አማካይነት ከአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ብዙ ወርሶ ያደገ ነው። የጣት ፊደሉ ግን የግዕዝን ሥርዓት ይከተላል፤ እጅ «በ»ን በአንድ ቅርጽ ይይዝና ያንኑ ቅርጽ እያንቀሳቀሰ «ቡ»፣ «ቢ»፣ «ባ» እያለ እስከ ሳብዕ ይዘልቃል፤ ይህም ለመድረክ የተመቸ፣ እጅግ የሚደነቅ ብልሃት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ ቋንቋ በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ለተዋናይ ግን ቋንቋና ተሰጥኦ ብቻ አይበቁም፤ የሚለማመድበት መድረክም ያስፈልገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በ21 ዓመቷ ኦስካር የተሸለመችው መስማት የተሳናት አሜሪካዊት ተዋናይ ማርሊ ማትሊንም በሰባት ዓመቷ የ«ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ»ን ገጸ ባሕርይ ዶሮቲን ሆና የተወነችው መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተቋቋመ የቲያትር ቡድን ውስጥ ነበር።